የኢንጄክሽን ፓምፕ መተኪያ የጋራ መመዘኛ፦ የዕቅድ ውይይት

የረቂቁ አቅራቢ፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ናፍጣን በግፊት ወደ ሞተሩ ሲሊንደሮች የሚልከው ኢንጄክሽን ፓምፕ በተበላሸ ቁጥር እያንዳንዱ ባለንብረት ለብቻው ከሚቸገር ማኅበሩ አንድ የመምረጫ መመዘኛ ቢኖረው ይሻላል በማለት ይህን ረቂቅ አቅርቤአለሁ። ዋናው አሳቤ መተኪያው የሚመረጠው በአሮጌው ፓምፕ ላይ ባለው የስም ሰሌዳ እንጂ በመልክ መመሳሰል መሆን የለበትም የሚል ነው። ሁለት ባለስድስት ሲሊንደር ፓምፖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን አይለያቸውም። ነገር ግን በጀርመኑ አምራች በቦሽ አሰያየም «ፒኢኤስ 6ኤ95» ማለት ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ መጠኑ ኤ የሆነና የፕለንጀሩ፣ ማለትም ናፍጣውን የሚገፋው ዘንግ፣ ውፍረት 9.5 ሚሊሜትር የሆነ ፓምፕ ሲሆን፣ በዚያው ቦታ 90 የተጻፈበት ደግሞ ባለ 9 ሚሊሜትር ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ትንሽ ብትመስልም የፕለንጀሩን የፊት ስፋት በ11 በመቶ ያህል ስለምትጨምር ሞተሩ ከሚገባው በላይ ናፍጣ ሊጠጣ፣ ሊያጨስና ሊግል ይችላል። ፓምፑ የሚዞርበት አቅጣጫና የገቨርነሩ፣ ማለትም የናፍጣውን መጠን እየለካ የሞተሩን ፍጥነት የሚገድበው ክፍል፣ ዓይነትም ከሰሌዳው ጋር መመሳከር አለባቸው።

አንድ ባለንብረት አባል፦
በአሳቡ እስማማለሁ፤ ሆኖም ከምርጫው በፊት ሌላ አንቀጽ መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ። መኪናዬ ጠዋት አልነሳ ብሎ፣ ዳገት ላይም ጉልበት አጥቶ ስለነበር ፓምፑን አስቀየርኩ፤ ችግሩ ግን እንደነበረ ቀጠለ። በመጨረሻ የተገኘው ምክንያት ከሰርባቶዮ ናፍጣ ስቦ ለኢንጄክሽን ፓምፑ ወደሚያቀብለው መጋቢ ፓምፕ በሚሄደው ቱቦ መጋጠሚያ በኩል አየር ይገባ የነበረ መሆኑ ነው። ጤነኛ ፓምፕ አስፈትቼ ብዙ ገንዘብ ማውጣቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ የቱቦ መጋጠሚያ፣ ፊልትሮ፣ የመጋቢው ፓምፕ ግፊትና ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚረጩት የኖዝሎቹ አረጫጨት ተፈትሾ ውጤቱ በጽሑፍ ሳይያዝ ማንም አባል በማኅበሩ ስም ፓምፕ እንዳይገዛ እንዲደነገግ እጠይቃለሁ።

በሙያው የሚሠሩ አባል፦
የቀደሙኝን ወንድሜን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ረቂቁ ሁሉንም ፓምፕ በአንድ ዓይን ማየቱ ነው። ተሰላፊው ማለትም ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ፕለንጀር ያለው ፓምፕ፣ ፕለንጀሮቹን የሚገፋው ካሙ በሞተር ዘይት ስለሚለሰልስ መጥፎ ናፍጣን ከሌሎቹ በተሻለ ይታገሣል። በአንድ ክፍል ለሁሉም ሲሊንደሮች ናፍጣ የሚያድለው አከፋፋዩ ፓምፕ ግን ውስጡ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ ውኃ ወይም ማለስለሻ ባሕርዩ የቀነሰ ናፍጣ በቶሎ ይበላዋል። ድኝን ከናፍጣ የሚያስወግደው የማጣሪያ ሂደት የተፈጥሮ ማለስለሻውንም አብሮ ስለሚቀንስ ነው ለእንዲህ ዓይነቱ ናፍጣ ማለስለሻ ተጨማሪ የሚደረግበት።

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ኮመን ሬል፣ ማለትም ፓምፑ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ለሁሉም ኖዝሎች በሚያገለግል አንድ የጋራ ቱቦ የሚያከማችበት ዘዴ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር 1,350 ባር ያህል የነበረው ግፊት ዛሬ ከ2,000 ባር በላይ ደርሷል። ይህ ፓምፕ ውስጡ ተፈግፍጎ የብረት ብናኝ ከለቀቀ ብናኙ በመስመሩ እስከ ኖዝል፣ በመላሹ ቱቦም እስከ ሰርባቶዮ ይደርሳል። ፓምፑን ብቻ ቀይሮ ሞተሩን ማስነሳት አዲሱን ፓምፕ በአሮጌው ቆሻሻ መግደል ነው። ስለዚህ በፊልትሮው ውስጥ የብረት ብናኝ ከታየ መስመሩ በሙሉ እስኪጸዳና ኖዝሎቹ እስኪመረመሩ ድረስ መተኪያው እንዳይገጠም በግልጽ ይጻፍልኝ።

የግዥ ጉዳይ የሚመለከታቸው አባል፦
አዲስ፣ የታደሰ ወይስ ያገለገለ የሚለው ጥያቄ አልተነካም። በእኔ እምነት ምንነቱ ካልታወቀ አዲስ ፓምፕ ይልቅ በመፈተሻ ማሽን ላይ ተስተካክሎ ወረቀቱ የተሰጠ፣ ዓይነቱም ከነባሩ ጋር አንድ የሆነ የታደሰ ፓምፕ ይመረጣል። ወረቀቱ ፓምፑ ሞተር በሚነሳበት ጊዜ፣ በዝቅተኛና በሙሉ ፍጥነት በየሲሊንደሩ ምን ያህል ናፍጣ እንደሚሰጥና ገቨርነሩ ናፍጣውን በስንት ዙር እንደሚቆርጥ ማሳየት አለበት። ገቨርነሩ በወቅቱ የማይቆርጥ ፓምፕ ሞተሩን ከቁጥጥር ውጭ ሊያስሮጠው ስለሚችል፣ ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ አከፋፋዩን በተሰላፊ መለወጥ ለሚፈልግ አባልስ ማኅበሩ ይፈቅዳል?

የረቂቁ አቅራቢ፦
ለጥያቄዎ አመሰግናለሁ። ለውጡ የማርሽ አነዳዱን፣ መቀመጫውን፣ የዘይት መስመሩንና የኖዝል መክፈቻ ግፊቱን ሁሉ ስለሚነካ በጋራ ግዥው ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ። የቀሩትን አሳቦች ተቀብዬ ረቂቁን አሻሽያለሁ፤ ምርመራው አንቀጽ አንድ ሆኗል፣ የፈተና ወረቀት የሌለው ፓምፕም ተቀባይነት አይኖረውም። ስለ አገጣጠሙም ጥቂት ጨምሬአለሁ። ባለአራት ምት ሞተር ሁለት ጊዜ ሲዞር ፓምፑ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚዞር፣ የመጀመሪያው ሲሊንደር በመጭመቂያ ምት ላይ መሆኑ ሳይረጋገጥ ምልክት ከምልክት ማጋጠም ፓምፑን በግማሽ ዙር ሊያዛባው ይችላል። የተሰላፊው ፓምፕ የካም ክፍልም ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ንጹሕ ዘይት ይሞላበታል።

በሙያው የሚሠሩ አባል፦
አንድ ማሻሻያ ብቻ ይጨመርልኝ። የስም ሰሌዳው ብዙ ጊዜ በቀለምና በዝገት ስለሚሸፈን፣ አሮጌው ፓምፕ ሳይፈታ ሰሌዳው በጥንቃቄ ተጠርጎ ፎቶ ይነሣ፤ የማይነበብ ከሆነም በሞተሩ ብሎክ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከጥያቄው ጋር ይያያዝ።

የረቂቁ አቅራቢ፦
ተቀብያለሁ፤ በአንቀጽ ሁለት ገብቷል። የተሻሻለው ጽሑፍ በቀጣዩ ስብሰባ ለድምፅ እንዲቀርብ ለሰብሳቢያችን አስረክባለሁ።