ከሩጫ ገብቼ እየተንቀጠቀጥኩ ነው፣ ስኳሬ 61 ይላል!

ሚሚ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አሁን ከሩጫ ገብቼ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ ልቤ ይደልቃል። ስለካው 61 ነው። ስኳር በሽታ አለብኝ፣ የኔ ችግር ግን እስከዛሬ የስኳሩ መብዛት እንጂ ማነስ አልነበረም! ክብደት ልቀንስ ብዬ ቁርስ ትቻለሁ። ስፖርቱ አልተስማማኝም መሰለኝ፣ ላቁመው?

ፀደይ፦ በቃ ቸኮሌት የሚፈቀድበት ቀን መጣልሽ! ሙሉውን ጨርሺው።

ነርሷ፦ ቸኮሌት ይቅር፣ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ከ70 በታች ወርዷል፣ አትጠብቂ። ግማሽ ብርጭቆ የፍራፍሬ ጭማቂ ጠጪ። ከሌለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጪ። የሚያስፈልግሽ 15 ግራም ገደማ ስኳር ነው። ቁጭ በይና ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኪ። ካልወጣ ድገሚው። ብቻሽን ከሆንሽ ሰው ጥሪ። መድኃኒት ትወስጃለሽ?

አሰልጣኙ፦ እህቶቼ፣ ስፖርትን አትፍሩ። ጡንቻ ሲሠራ ያለ ኢንሱሊንም ቢሆን ስኳር ከደም ይስባል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ ክብደት ማንሳት ያስፈልጋል። ሴቶች ክብደት ማንሳቱን ትዘሉታላችሁ፣ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት እኮ ስኳር በሽታ አፋፍ ላይ የነበሩ ሰዎች በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ብቻ አደጋውን በ58 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል።

ፀደይ፦ ወንድሜ፣ ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች ነው!

ሐመልማል፦ ጭማቂ ጠጪ። ቁርስም ብዪ።

ትዕግሥት፦ ስፖርቱን ለምን ትወቅሺዋለሽ? እኔ ከስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን ብቻ ነው የምወስደው። በባዶ ሆዴ እየተራመድኩ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ሌላ ያልነገርሽን ነገር አለ።

ሚሚ፦ ጭማቂውን ጠጣሁ፣ 74 ገባ። መንቀጥቀጡም ቀለል ብሎኛል። መድኃኒትማ አለኝ፣ ጠዋት ጠዋት ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ። የታወቀ ነው ብዬ ነው ያልጻፍኩት።

ነርሷ፦ ዋናው እሱ ነው እንጂ! ግሊቤንክላማይድ ብትበዪም ባትበዪም ቆሽትሽ ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያደርጋል። ምግብ ሳይገባ ሩጫ ሲጨመርበት ስኳሩ ይወርዳል። ሜትፎርሚን ብቻውን እንዲህ የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። አሁን ዳቦና እንቁላል ብዪ። መድኃኒቱ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ዛሬ ደጋግመሽ ለኪ፣ ከመተኛትሽ በፊትም ጭምር። ሐኪምሽን ዛሬውኑ አግኚ፣ በራስሽ ግን አታቁሚው። አብረውሽ ላሉትም ንገሪ፦ ራስሽን ከሳትሽ በአፍሽ ምንም እንዳይሰጡሽ፣ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱሽ።

ሐመልማል፦ ቁርስ ብዪ ብያለሁ እኮ!

አሰልጣኙ፦ እንግዲህ ከምግብ በኋላ ተንቀሳቀሺ። ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳርም ያበርድልሻል። ከመጀመርሽ በፊት ለኪ፣ ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ የሆነ ነገር ቅመሺ። ኪስሽ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ።

ትዕግሥት፦ ሚሚ፣ ኩላሊትሽን ተመርምረሻል? ኩላሊት ሲደክም ያ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ይቆያል፣ ስኳርም አብዝቶ ያወርዳል። ለመውለድ ካሰብሽም ለሐኪሙ ንገሪው። ከበላሽ በኋላ ስንት ገባ?

ፀደይ፦ ሚሚ አለሽ?