ማሽን ላምጣላችሁ የሚል ነጋዴ አለ፣ እንግባበት ወይስ ይቅርብን?

የሸዋ በሯ፦
ሰላም የሐረርና የድሬ ልጆች። ምክር ፈልጌ ነው። ሦስት ሴቶች ነን፣ ሐረር ውስጥ ተደራጅተን ኦቾሎኒ እንቆላለን፣ ፈጭተንም የኦቾሎኒ ቅቤ እንሸጣለን። ኦቾሎኒውን የምናመጣው ከባቢሌ ነው። ሁለት ዓመት አልፎናል። ገበያ አላጣንም፣ ያጠረው እጃችን ነው። መፍጫችን ግማሽ ሰዓት ሠርታ ግማሽ ሰዓት ታርፋለች፣ ካላረፈች ትሸታለች።

አሁን ድሬዳዋ ያለ አንድ አከፋፋይ ሽርክና እንግባ አለን። ትልቅ መቁያና መፍጫ እሱ ይገዛል፣ እኛ እንሠራለን፣ ትርፉን እኩል። ግን ዕቃው የሚወጣው በሱ ስምና በሱ ማሸጊያ ነው፣ ከሱ ውጪ ለማንም አንሸጥም። ውል እንጻፍ ስለው «እናንተ እኮ እህቶቼ ናችሁ፣ በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል» አለ። እውነት ለመናገር ክፉ ሰው አይመስልም። አንዷ ጓደኛችን ዛሬውኑ እንስማማ ትላለች፣ ሌላዋ ብድር እንጠብቅ ትላለች። እኔ መሀል ላይ ቀረሁ።

ገንደ ቆሬ፦
አቦ እህቴ፣ እኔ በዚህ «ወረቀት ምን ያደርጋል» በሚሉት ነገር ተለብልቤያለሁ። ብሎኬት ማምረቻ ከወዳጄ ጋር ጀመርን፣ ማሽኑ የሱ፣ ቦታው የኔ። ሲሚንቶ ሲወደድ ተጣላን። እሱ ማሽኑን ጭኖ ሄደ፣ እኔ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ በልቼ ያላስረከብኩት የ3 ሺህ ብሎኬት ዕዳ ታቅፌ ቀረሁ። ወላሂ አሁንም ጥፋቱ የሱ ብቻ ነው አልልም። ስንጀምር ያወራነው ስለ ትርፍ ብቻ ነበር፣ ስለ ኪሳራ አንድ ቃል አልተነፈስንም።

ስለዚህ ጠይቁት። ኦቾሎኒው ቢሻግት ኪሳራው የማን ነው? ማሽኑ ቢሰበር ማን ያስጠግናል? እሱ ሁለት ወር ሳይከፍል ቢያቆያችሁ ባቢሌ ያለውን ገበሬ ምን ትሉታላችሁ?

ግን ሰውየውን አታባሩት። ድሬዳዋን ከቀፊራ እስከ ሳቢያን ሱቅ ለሱቅ የሚዞርላችሁ፣ ዱቤ ሰጥቶ የሚሰበስብ ሰው ማግኘት ማሽን ከማግኘት ይከብዳል። የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና በ2014 ሲከፈት እኔም ጮቤ ረግጬ ነበር፣ በኋላ ሳየው ለኔ ቢጤ ትንሽ ሰው ቶሎ የሚደርስ ነገር አይደለም። ለናንተ የሚጠቅማችሁ እንዲህ ያለ አከፋፋይ ነው።

የሰነድ ሰው፦
ገንደ ቆሬ ያለው ልክ ነው፣ እኔ ወረቀቱን ልጨምርበት። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243) ለሽርክና ብዙ መንገድ አለው፣ ልዩነቱም ትልቅ ነው። በኅብረት ሽርክና ማህበር ከገባችሁ ዕዳ ሲመጣ የየራሳችሁ ንብረት ድረስ ይጠየቃል። የእሽሙር ማህበር የሚባለው ደግሞ ለሦስተኛ ወገን የማይገለጥ፣ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት የሌለው ነው። ሰውየው የሚያወራው ሲጨመቅ ወደዚህ ይጠጋል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ቢሆን ኪሳራችሁ ባዋጣችሁት ልክ ይቆማል።

ለኔ ግን ከሁሉም በፊት የሚመጣው ስሙ ነው። ሁለት ዓመት ሠርታችሁ ያስለመዳችሁትን ዕቃ በሱ ማሸጊያ ካወጣችሁት፣ ነገ ሌላ የሚቆላ ሰው ቀጥሮ ሊቀጥል ይችላል፣ ደንበኛው የሚያውቀው ማሸጊያውን ነዋ። የንግድ ምልክታችሁን በራሳችሁ ስም አስመዝግቡ። ምዝገባው 7 ዓመት ይቆያል፣ ሲያልቅ ይታደሳል። ከዚያ ለሱ በውል የመጠቀም ፈቃድ ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ለናንተ ሳይሆን።

ብድር የምትለዋ ጓደኛሽም ሞኝ አይደለችም። ከ2011 ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ አለ፣ ቤት የሌለው ሰው ማሽኑን ወይም መጋዘን ያለ ዕቃውን ማስያዝ ይችላል። ባንክ ስትሄዱ ግን ገና ከበሩ «ካርታ አላችሁ?» ነው የሚሉት፣ እዚህ ላይ ታገሡ። ልማት ባንክ ማሽን ራሱ ገዝቶ በሊዝ የሚሰጥበት መንገድም አለ፣ መመዘኛውን ሄዳችሁ ጠይቁ።

ባቢሌ ዳር፦
ሁላችሁም ስለ ማሽንና ስለ ስም፣ ኦቾሎኒውን ረሳችሁት። ትልቅ ማሽን ገዝቶ ሻጋታ መፍጨት ይቻላል። እርጥብ ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፣ ብትቆሉትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጣዕሙ ላይነግራችሁ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ቅርፊቱ በቀላሉ እንዲፈለፈል ብሎ ውሃ ይረጭበታል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከነቅርፊቱ ግዙ፣ ራሳችሁ አድርቃችሁ ፈልፍሉ፣ የተጨማደደውንና ቀለሙ የተለወጠውን በእጅ ልቀሙ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን በልቀማ የሚወጣው መርዝ ብዙ ነው።

ሌላም ሸሪክ አላችሁ፣ ጎረቤታችሁ ሀረማያ ዩኒቨርሲቲ። የኦቾሎኒ ዝርያ ከነስሙ «ባቢሌ» እያሉ ያወጡት እነሱ ናቸው፣ በአፍላቶክሲንም ላይ ብዙ ጥናት ሠርተዋል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1940ዎቹ የተጀመረው ከአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በሽርክና ነበር፣ ሳያፍሩ ማንኳኳት ነው። ላቦራቶሪ ያየው ዕቃ ይዛችሁ ነጋዴው ፊት ስትቀመጡ ወሬው ሌላ ይሆናል።

የሸዋ በሯ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ልቀማውን እኔና እናቴ ጀምረናል፣ ከአንድ ኬሻ የወጣውን ሳየው ደነገጥኩ፣ እስከዛሬ ያንን ፈጭቼ ነው የሸጥኩት ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም።

ትናንት ሰውየው ጋር ደወልኩ። ውል ይጻፍ ስለው ትንሽ ዝም አለና እሺ አለ። ድሬዳዋ የሱ፣ ሐረርና ጅጅጋ የኛ ይሁን ስለውም አልተከራከረም። ስሙ ላይ ስንደርስ ግን «እናንተ ስም ምን ያደርግላችኋል» አለኝ።

ገንደ ቆሬ፦
አንቺስ ምን አልሽው?

የሸዋ በሯ፦
ምንም የማያደርግ ከሆነ አንተስ ለምን ፈለግከው አልኩት። ሳቀ፣ ደውላለሁ ብሎ ዘጋ። እስካሁን አልደወለም።