የሞተር የኋላ መጫኛ ሲሰበር ባሕር ዳር ላይ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። የሞተሬ የኋላ መጫኛ በግራ በኩል መያዣ ብረቱ ተሰብሯል። ቅዳሜ ዘጌ መሄዴ ነው። ማጣበቂያ ገዝቼ ቤት ልሞክር? ብየዳ ቤት ልውሰደው? ወይስ ሌላ ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማጣበቂያውን እርሳው። ያንን ከሁለት ቱቦ የሚደባለቀውን አምና ክረምት ሞክሬዋለሁ። ሲያድር ድንጋይ ሆነ፣ ደስ አለኝ። ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን አዲሱን የአባይ ድልድይ በሰላም ተሻግሬ ኮብልስቶን ላይ ስገባ፣ ጀሪካኑ ከኋላዬ መሬት ለመሬት ሲጎተት ሰማሁት። ለተሰነጠቀ ፕላስቲክ ይሆናል። ጭነትና ንዝረት ያለበትን ብረት ግን አይችልም።

መጀመሪያ ማግኔት አስጠጋበት። ካልያዘው አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። የሰፈር በያጅ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንጉ) ለእሱ አይሆንም፣ በአርጎን ጋዝ የሚበይድ ሰው ያስፈልጋል። ያንን ፍለጋ ከመንከራተት ያገለገለ መጫኛ ግዛ።

ማግኔቱ ከያዘው ብየዳ ነው። በርና መስኮት የሚሠሩት ይረክሳሉ፣ ቶሎም ይጨርሳሉ። ችግሩ እጃቸው ወፍራም ብረት ለምዷል። አንዱ የእኔን ቀጭን ቱቦ ወንፊት አድርጎት መልሶልኛል። ሞተር የሚሠሩ ጋራዦች ትንሽ ይወደዳሉ፣ ግን ቀጭን ብረት ያውቃሉ። የትም ብትሄድ ኤሌክትሮዱን ጠይቅ። 2.5 ሚሊ ከሆነ እሺ በል። 3.2 ካነሳ ሻይ ልጠጣ ብለህ ውጣ።

ሞተሩን ይዘህ አትሂድ። ቤትህ ፎቶ አንሳው፣ ፍታው፣ መጫኛውን ብቻ ይዘህ ሂድ። ነዳጅ አጠገቡ የለ፣ ባትሪ የለ። አይፈታም ካለህ ግን የባትሪውን ኔጌቲቭ ሳትነቅል ማንም እሳት እንዳያስነካው። በያጁ መጀመሪያ ሁለት ነጥብ ብቻ ያስይዝልህ። ሞተሩ ላይ ገጥመህ ልኩን እይ፣ ከዚያ ይጨርሰው። ምልልሱ ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። እኔ ሰልችቶኝ ዘልዬው ቀዳዳዎቹ አልገጥም ብለውኝ ነበር። ስትመለስ ጸረ ዝገት ቀባው።

ሌላው ደግሞ፣ የሌላኛውን ጎን ብሎኖች ነካ ነካ አድርጋቸው። የእኔ የተሰበረው በቀኝ በኩል ያለው ብሎን ላልቶ ጭነቱ ሁሉ ግራው ላይ ስለወደቀ ነው። ከብሎን ሱቅ ውስጡ ፕላስቲክ ያለውን ዳዶ ግዛ፣ እሱ በንዝረት ቶሎ አይላላም። ሮንዴላም አትርሳ።

ሌላ ሰው፦ እኔ በያጅ ደጅ ሳልቆም 3 ሚሊ ላሜራ በላዩ ደርቤ በአራት ብሎን አሰርኩት። ይኸው ዓመቱ።

መልስ፦ ጠፍጣፋ ብረት ከሆነ ልክ ነህ፣ እንዲያውም ቤትህ ሆነህ ለመሥራት ከሁሉም ይቀላል። ስብራቱን በሁለቱም ወገን አልፎ ሁለት ሁለት ብሎን ይያዘው። አንድ አንድ ከሆነ ይዞራል። ቱቦ ከሆነ ግን መብሳቱ ራሱ ያደክመዋል፣ ብሎኑን ስታጠብቅም ይጨፈለቃል።

ጠያቂው፦ ማግኔቱ ያዘው። ጠፍጣፋ ነው። ላሜራውን ነገ እገዛለሁ፣ መብሻ ከጎረቤት አለ።

መልስ፦ በርታ። ለቅዳሜ ግን ገና አልተፈተነምና አትመነው፤ የዘጌን ቡና በጀርባህ አዝለህ ተመለስ።