የኤሌክትሪክ መኪና የተራዘመ ዋስትና እንዳይቋረጥ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ቤተሰብ። መኪናዬን አዲስ አበባ ስገዛ ተጨማሪ ከፍዬ ዋስትናውን አራዝሜያለሁ። ውሉ ሰርቪሱ በሰዓቱ ካልተደረገ ዋስትናው ይቀራል ይላል። አሁን 19,400 ኪሎ ሜትር ላይ ነኝ፤ ሰርቪሱ በ20,000 ነው። ለዚህ ብዬ አዲስ አበባ ድረስ ልሂድ? የሰፈሬ መካኒክ «ዘይት የሌለው መኪና ደግሞ ምን ሰርቪስ አለው?» ብሎ ሳቀብኝ።

የጦሳው፦ አብሽር ወንድሜ። መካኒክህ ግማሹን እውነቱን ነው፤ የሞተር ዘይትም ካንዴላም የለም። የፍሬን ዘይት ግን አለ። እርጥበት ስለሚስብ በብዙ መኪና በየ2 ዓመቱ ይቀየራል። የባትሪው ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሹ)፣ የኤሲው ፊልትሮ፣ ጎማ ማዟዟርም አለ። ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ አትርሳ። እሷ ከሞተች ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም።

መካኒክ (ኮምቦልቻ)፦ ፍሬን ላይ ልጨምር። ከደሴ ወደ እኛ ስትወርድ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝና ባትሪውን ይሞላል። ሸራው አይበላም፤ ሰው ደስ ይለዋል። ግን ሥራ የፈታ ፍሬን ይዝጋል። በቀደም የፈታሁት መኪና ሸራው አዲስ ነው፤ የካሊፐሩን (ሸራውን የሚጨብጠውን ክፍል) ፒን ግን በመዶሻ ነው ያወጣሁት። ደግሞ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልተህ ቁልቁለቱን አትጀምር። ባትሪው የሚመለሰውን ቻርጅ የሚያስገባበት ስለሌለው ሸክሙ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

የፒያሳዋ፦ ከእኔ ተማር። ሰርቪሱን በሰዓቱ እዚሁ አሠርቻለሁ። የኤሲው ኮምፕረሰር ሲበላሽ ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። የያዝኩት «ሰርቪስ» ብቻ የሚል ብጣሽ ወረቀት! ቀን የለው፣ ኪሎ ሜትር የለው፣ ሻንሲ ቁጥር የለው። ከኪሴ ከፈልኩ። ሦስቱንም ደረሰኙ ላይ አስጽፍ፤ ኪሎ ሜትሩን ከዳሽቦርዱ ፎቶ አንሳው።

የጦሳው፦ ውሉ «በተፈቀደለት ጋራዥ» ይል እንደሆነ እየው። ካለ፣ እዚህ ከማሠራትህ በፊት ሻጩ በጽሑፍ ይፍቀድልህ። በስልክ «ችግር የለውም» ያለህ ሰው ነገ አያውቅህም። ወሩንም ቁጠር፤ ብዙ ጊዜ ከወሩና ከኪሎ ሜትሩ የቀደመው ነው የሚያዘው። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለባቸውን ብርቱካናማ ገመዶች ደግሞ ያልሠለጠነ ሰው እንዳይነካቸው።

ጠያቂ፦ አየሁት፤ «በተፈቀደለት» ይላል። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስደርስ 19,800 ይሆናል። ቅዳሜ በጠዋት እነሳለሁ፣ ባትሪውን 85 ላይ አድርጌ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ ሁለት ቦታ አለኝ።