የግብፅ ጉዞ፦ አቡ ሲምበልን ልተወው ወይስ ልሂድ?

ሰላም ወገኖች። ከእናቴ ጋር ግብፅ ልንሄድ ነው፤ ግን ዕቅዱ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። እባካችሁ እርዱኝ።

የጊዛ ፒራሚዶች አያከራክሩም። ሳቃራንም አልተውም፤ የንጉሥ ጆሰር ደረጃማ ፒራሚድ ከጊዛዎቹ ሁሉ ይቀድማል። ሁለቱም ለካይሮ ቅርብ ናቸው።

ጭንቀቴ ደቡቡ ነው። ሉክሶር ላይ ከናይል በስተምሥራቅ የካርናክ ቤተ መቅደስ አለ። በስተምዕራብ ደግሞ የፈርዖን ቱታንክሃሙን መቃብር እ.ኤ.አ. በ1922 የተገኘበት የነገሥታት ሸለቆ። ይህ ብቻውን ቀናት ይፈልጋል። ልቤ ያለው ግን አቡ ሲምበል ነው። የአስዋን ግድብ ውሃ እንዳይውጠው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቆራርጠው ከፍ ያለ ቦታ ላይ መልሰው የገጣጠሙት ቤተ መቅደስ! እንዴት ይታለፋል? ችግሩ ከአስዋን እንኳ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ይርቃል፤ እናቴን ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ረጅም መንገድና ሙቀት አይሆኑላትም።

የሄዳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። አቡ ሲምበልን ትቼ አስዋን አጠገብ ባለው የኢሲስ ቤተ መቅደስ፣ በፊላይ፣ ልብቃቃ? እዚያ የሚደረሰው በጀልባ ነው፤ መውጣት መውረዱ ለእሷ ይከብዳል? ከሉክሶር አስዋንስ ባቡር ይሻላል ወይስ መርከብ? የነገሥታት ሸለቆ ውስጥ ቁልቁለቱ ቀለል ያለ መቃብር የቱ ነው?