የሕዝብ ቆጠራውን ጽሑፍ ልገመግም ስል ማስረጃዎቹ አልከፍት አሉኝ፤ ነገ ጠዋት አቀርባለሁ፣ ድረሱልኝ!

የሐይቅ ዳሯ (ከምሽቱ 1፡50)
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ስለ ሕዝብ ቆጠራ የተጻፈ የኦንላይን ኢንሳይክሎፒዲያ ጽሑፍ ጥራት ገምግሜ ክፍል ውስጥ አቀርባለሁ። ከግርጌ ያሉትን ማስረጃዎች ስጫን ግማሾቹ "ገጹ አልተገኘም" ይሉኛል። የሐዋሳ ሕዝብ ደግሞ አንድ ቦታ 157,139፣ ሌላ ቦታ 258,808 ይላል፤ አንዱ ስህተት ነው ማለት ነው። መረጃውም ሁሉ የድሮ ነው። "አርጅቷል፣ ማስረጃ የለውም፣ እርስ በርሱ ይጋጫል" ብዬ ዝቅተኛ ደረጃ ልስጠው? እዚህ ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር መብራት እየመጣ እየሄደ ስለሆነ ላፕቶፔ ሳይዘጋ ብትደርሱልኝ።

ታቦር ሥር (1፡58)
እህቴ፣ የትኛው ቆጠራ? በ1976ም፣ በ1987ም፣ በ1999ም ተቆጥሯል። ጽሑፉስ በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ? እስክትመልሺ ግን ይኼን ሞክሪ፦ የማይከፍተውን አድራሻ ኮፒ አድርገሽ ዌይባክ ማሽን የሚባለው የድሮ ገጾች ማከማቻ ላይ ፔስት አድርጊው። ገጹ ይሠራ በነበረበት ጊዜ የተቀዳ ካለ ከነቀኑ ያወጣልሻል።

ሚኪ ፒያሳ (2፡01)
ቪፒኤን አብሪ፣ ይከፍትልሻል።

ጡረተኛው መምህር (2፡10)
ልጄ፣ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት የምትገመግሚው ነገር ምን እንደሆነ እወቂ። የሕዝብ ቆጠራ ተራ አሐዝ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል፤ የምርጫ ክልል የሚወሰነውም በቆጠራው ውጤት ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለዚህ ስለ ቆጠራ የሚጽፍ ሰው ቁጥር ደርድሮ መሄድ የለበትም፤ እንዴት ተቆጠረ፣ የት ሳይቆጠር ቀረ የሚለውን መንገር አለበት። የ1976ቱን ብትወስጂ ጦርነት ስለነበረ ብዙ የኤርትራና የትግራይ አካባቢ በቆጠራ ሳይሆን በግምት ነው የተሞላው። ኤርትራን ጨምሮ 42.6 ሚሊዮን ገደማ፣ ሳይጨምር 39.9 ሚሊዮን ገደማ ነው። በ1987 የተገኘው 53.5 ሚሊዮን ገደማ ኤርትራ የለችበትም። እንግዲህ ጽሑፉ 42.6ን ከ53.5 ጋር አስተያይቶ "ሕዝቡ በዚህን ያህል አደገ" ካለ አንባቢን አሳስቷል። እናንተ ወጣቶች ሊንክ ተከፈተ አልተከፈተ ትላላችሁ፣ እኛ በልጅነታችን አንዱን አሐዝ ከሁለት መጽሐፍ ሳናመሳክር ደብተር ላይ አንጽፍም ነበር።

አዳማዊ (2፡16)
እኔ ጥያቄው ራሱ አልተስማማኝም። "አርጅቷል" ስትዪ ከምን አንጻር ነው? ከ1999 ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም እኮ! አራተኛው ለኅዳር 2010 ታቅዶ ተራዘመ፣ በ2011ም ተራዘመ፣ በሰኔ 2011 የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ እንደገና እንዲራዘም ወሰነ። ጽሑፉ የመጨረሻውን ቆጠራ ቢጠቅስ ጥፋቱ ምንድነው? ያረጀ መሆኑን ማወቅ ከፈለግሽ ሌላ ነገር እዪ። "ቀጣዩ ቆጠራ በ2010 ይካሄዳል" የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይነካ ተቀምጧል? ሲዳማን አሁንም በደቡብ ክልል ሥር ያለ ዞን ያደርገዋል? ሲዳማ ከሰኔ 2012 ጀምሮ ክልል ነው። ካረጀ እንደዚህ ያለው ነው ያረጀው።

የሐዋሳው ቁጥርም አይጋጭም፣ ሁለቱም የ1999 ናቸው። 157,139 የከተማው ነዋሪ ብቻ ነው። 258,808 ደግሞ በከተማ አስተዳደሩ ሥር ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች ይጨምራል። ጽሑፉ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳይናገር ካስቀመጠው ማብራሪያ ጎድሎታል በይ እንጂ ስህተት አትበዪው።

የዓሣ ሾርባ (2፡19)
ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያሉት አባ ኮዳዎች (ትልልቆቹ ወፎች) ተቆጥረው ከሆነ ሐዋሳ ከ258 ሺሕም ታልፋለች 😂 አይዞሽ እህቴ፣ ታሳምሪዋለሽ!

የሐይቅ ዳሯ (2፡31)
መብራት ሄዶብኝ ነው። እንግሊዝኛው ነው፣ የ1999ኙ። ጋሼ አመሰግናለሁ። አዳማዊ፣ እሺ ገባኝ። ግን የአገሪቱ ጠቅላላ ቁጥርም መግቢያው ላይ 73,918,505፣ ሠንጠረዡ ላይ 73,750,932 ነው፤ ይኼም አይጋጭም ልትለኝ ነው? ደግሞ አዘጋጆቹ ስለ ጽሑፉ በሚነጋገሩበት የውይይት ገጽ ላይ ለጽሑፉ የጥራት ደረጃ ተሰጥቶታል። ያንን ደረጃ ወስጄ ባቀርብስ?

ሚኪ ፒያሳ (2፡33)
ቪፒኤኑን ሞከርሽው?

ታቦር ሥር (2፡35)
ሚኪ፣ ቪፒኤን የጠፋ ገጽ አይመልስም። ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት ሲባል የድረ ገጹ አድራሻም አብሮ ተቀይሯል። የድሮውን አድራሻ የጠቀሰ ጽሑፍ ሁሉ የማይከፍተው ለዚህ ነው። ዌይባክ ማሽን ላይ ካጣሽው የሪፖርቱን ሙሉ ርዕስ ፈልጊው፣ ሌሎች የስታትስቲክስ ማኅደሮችም ይዘውታል።

ቆጣሪ ነበርኩ (2፡52)
እህት ዓለም፣ በ1999 መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት የዞርኩ ነኝና ልርዳሽ።

ሁለቱም ጠቅላላ ቁጥሮች በይፋ የወጡ ናቸው። 73,918,505 የሚለው በ2001 ቀድሞ የወጣው ማጠቃለያ ሪፖርት ነው፣ 73,750,932 የሚለው በኋላ የወጣው ዝርዝር ነው። የያኔው ደቡብ ክልልም በማጠቃለያው 15,042,531፣ በዝርዝሩ 14,929,548 ነው። እዚህ ላይ ጽሑፉን መውቀስ ትችያለሽ፤ ከሁለት ሪፖርት ቀላቅሎ ወስዶ ለአንባቢ አልነገረም።

ደረጃውን ግን እንዳለ አትውሰጂው። እንደ ዊኪፔዲያ ባሉት ላይ "ጥሩ ጽሑፍ" እና "ምርጥ ጽሑፍ" የሚባሉት ሌሎች አዘጋጆች መርምረዋቸው የሚሰጡ ናቸው። ከዚያ በታች ያሉትን ብዙ ጊዜ አንድ በጎ ፈቃደኛ ነው የሚለጥፋቸው። ደረጃው መቼ እንደተሰጠ እዪ፣ ከዚያ የለውጥ ታሪኩን ከፍተሽ ጽሑፉ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደተለወጠ አነጻጽሪ።

አሁን ጊዜ ስለሌለሽ አምስት ያህል ዋና ዋና ዓረፍተ ነገሮች ምረጪ። የእያንዳንዱን ማስረጃ ክፈቺና ያ ቁጥር እውነት እዚያ ገጽ ላይ እንዳለ በዓይንሽ እዪ። "ማስረጃ የለውም" እና "ማስረጃው አይከፍትም" የተለያዩ ናቸው፤ ስታቀርቢ ለይተሽ ተናገሪ።

ቀጥሎ የጎደለውን ፈልጊ። እኛ ሁለት ዓይነት መጠይቅ ነበረን፣ አጭርና ረጅም። ረጅሙ የሚሞላው ከአምስት ቤተሰብ ለአንዱ ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ ሠንጠረዥ ከሁሉም ሰው የተሰበሰበ ሳይሆን ከናሙና የተሰላ ነው። ጽሑፉ ይህን ይናገራል? ቆጠራው ግንቦት 20 ቀን 1999 ቢጀመርም አፋርና ሶማሌ ኅዳር 2000 ላይ መቆጠራቸውንስ ይናገራል? የአማራ ክልል ውጤት ከተገመተው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ ፓርላማ ድረስ ጥያቄ መነሳቱን የሚያነሳ ከሆነ ጠያቂዎቹ ያሉትንና ኤጀንሲው የመለሰውን እኩል አስቀምጧል? ሚዛናዊነቱ የሚለካው እዚህ ቦታ ላይ ነው። በዝናብ ጭቃ እየረገጥን በር ያንኳኳነው ይህ ሥራ በጥንቃቄ እንዲጻፍ ከልቤ እመኛለሁ።

አዳማዊ (3፡04)
ቆጣሪ፣ እናመሰግናለን። አንድ ልጨምር፦ ዓመተ ምሕረቱን አመሳክሪ። የእኛ 1999 በፈረንጅ 2007 ነው፣ 1987 ደግሞ 1994። ከአማርኛ ምንጭ የወሰደ ሰው ሳይቀይር ጽፎት ከሆነ አንዱ ቆጠራ ሁለት ይመስላል።

ጡረተኛው መምህር (3፡10)
ያልኩት ይኸው ነው፣ ከሁለት ምንጭ አመሳክሩ!

ሚኪ ፒያሳ (በማግስቱ፣ ከቀኑ 8፡15)
እንዴት ሆነልሽ?

የቁጥር ጓደኛ (ከሳምንት በኋላ)
እኔም ተመሳሳይ ሥራ ተሰጥቶኛል፣ የ1987ቱ ነው የደረሰኝ። ዌይባክ ማሽን ላይ የድሮውን የኤጀንሲውን ገጽ አገኘሁት፣ ፋይሉ ግን አልተቀዳም። ሙሉ ሪፖርቱ ያለው ሰው አለ?

ቆጣሪ ነበርኩ
የየክልሉ ጥራዝ ለየብቻ ነው የወጣው፣ በአንድ ፋይል አትፈልገው። የትኛው ክልል ነው የምትፈልገው?