የባንዳኒ ኩርታ፦ የዘወትር ልብስ ወይስ የበዓል?

መነሻ፦ ባንዳኒ በሕንድ፣ በጉጅራትና በራጃስታን ግዛቶች፣ ጨርቁ እየተቋጠረ የሚነከርበት የእጅ ሥራ ነው። ቋጠሮው የያዘው ቦታ ቀለም ስለማይገባው ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ ከዚሁ ጨርቅ የተሰፋ ኩርታ (ረጅም ሸሚዝ መሰል የሕንድ ልብስ) ለቢሮም ለገበያም ይለበሳል። እንዲህ በየቀኑ መልበሱ ሙያውን ያቆየዋል ወይስ ያረክሰዋል?

ቋጠሮ፦ ያረክሰዋል። ልፋቱን እዩት። ጨርቁ ታጥቦ የሚያደድረው ስታርች ይወጣል፣ ሁለት ወይም አራት እጥፍ ይታጠፋል፣ ንድፉም በተበሳሳ ላስቲክ በኩል ሲታጠብ በሚጠፋ ቀለም ይታተምበታል። ከዚያ ቋጣሪዋ እያንዳንዷን ነጥብ በትንሿ ጣቷ ረጅም ጥፍር ወይም ሹል ባለው ቀለበት ወደ ላይ ትገፋና ክር ትጠመጥምባታለች። ክሩን ሳትቆርጥ ወደ ቀጣዩ ትሄዳለች። ደህና ሳሪ ላይ ነጥቡ በአስር ሺዎች ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ተለፍቶበት በየሳምንቱ ሳሙና ውስጥ ይዘፈቅ?

ነካሪ፦ ወንድሜ፣ «የበዓል ነው» የሚለውን ከየት አመጣኸው? በጉጅራት ካች የሚኖሩት ራባሪ የሚባሉ አርብቶ አደር ሴቶች የሱፍ ባንዳኒያቸውን ተከናንበው ነው በሥራ የሚውሉት። የበዓል የሆነው ሐሩ ነው፤ የካች ሜመን የሚባሉት ሙስሊም ማኅበረሰብ ሴቶች ለሠርግ የሚለብሱት «አባ» የሚባለው ሰፊ ቀሚስ ከሐር ባንዳኒ ተሰፍቶ በወርቀ ዘቦ ይጠለፋል። እሱን አስቀምጠው። ጥጡን ግን ልበሰው።

ደግሞ የሚያበላሸው ማጠቡ ብቻ አይደለም፣ ቀለሙ ራሱ ነው። ነከራው ከፈዛዛ ወደ ደማቅ ነው የሚሄደው፦ ነጭ እንዲቀር የሚፈለገው መጀመሪያ ይቋጠራል፣ ቢጫ ይነከራል፤ ቢጫ የሚቀረው ይቋጠራል፣ ቀይ ይነከራል፤ መጨረሻ ጥቁር። የጥጥ ቀለም ከጨርቁ ጋር የሚጣመረው በማጠቢያ ሶዳ ነው። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ሶዳው ይወጣል፣ በሙቅ ውሃ ደግሞ ያልተጣመረው ቀለም። ነካሪው ሁለተኛውን ሲዘልል ትርፉ ቀለም አንተ ቤት ይወጣና ነጯን ነጥብ ሮዝ ያደርጋታል።

ሰሚራ፦ ኮምጣጤ ብንጨምርበትስ?

ነካሪ፦ እህቴ፣ ኮምጣጤ ለሐርና ለሱፍ ቀለም በነከራው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነው የሚሠራው። የጥጥን ቀለም አያይዝም፣ ሽታው ብቻ ይተርፍሻል። ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ፣ ውሃው እስኪጠራ አለቅልቂው። አትዘፍዝፊው፣ አትጠምዝዢው። ከሁሉ የከፋው እርጥቡን አጣጥፎ መተው ነው፤ ጥቁሩ ወደ ነጩ ይሰርጋል። ገልብጠሽ ጥላ ላይ አስጪው።

መርፌ፦ ስለ ስፌቱ ማንም አላነሳም። ቋጠሮው የተነሳበት ቦታ ሁሉ ተኮማትሮ ትንሽ ጫፍ ሆኖ ይቆማል፣ ጨርቁም እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ኩርታው እንዳለ ከተቆረጠ በሁለተኛው ልብሰት ትከሻው ይወርዳል፣ ወገቡ ይሰፋል። ለመካከለኛ ቁመት 2.5 ሜትር ጨርቅ ያዙ፤ ጠርዝ ጠርዙን በእንፋሎት ብቻ ንኩት፣ ከውስጥ ቀድሞ የታጠበ ስስ ጥጥ ገበር ይግባ። የስፌት ትርፉም 1.5 ሳይሆን 2.5 ሴንቲሜትር ይሁን። ካውያ ሙሉ በሙሉ ከዞረበት ጫፎቹ ይጠፋሉ። ያኔ ከታተመው ማን ይለየዋል?

ቋጠሮ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው! የዘወትር ፍላጎቱ ሲበዛ ገበያውን የሚሞላው በፖሊስተር ላይ የታተመው ነው። ቋጣሪዋ የምትከፈለው በቋጠሮ ብዛት ነው፤ ከማሽን ጋር ዋጋ ተወዳድራ የት ትደርሳለች?

ነካሪ፦ እሱስ እውነት ነው፤ ግን ጥፋቱ የለባሹ አይደለም፣ የታተመውን «ባንዳኒ» ብሎ የሚሸጠው ነጋዴ ነው። ጨርቁን ገልብጡት። የእጅ ሥራ ከሆነ ቀለሙ ጀርባውም ላይ ያው ነው፣ የታተመ ጀርባው ይገረጣል። ነጥቧንም እዩ፦ ክር ያልሸፈናት ጫፏ ቀለም ስለሚገባት መሃሏ ላይ ትንሽ ጠቆር ያለ ነጥብ ይኖራታል፣ ዙሪያዋም ወጣ ገባ ነው። (ክቡ ፍጹም ከሆነ ማሽን ነው፤ የሰው ጥፍር እንደዚያ አያውቅም።)

ሰሚራ፦ ቀለሙ ለቆዳስ? ቀኑን ሙሉ ላብ ላይ ነው የሚውለው።

ነካሪ፦ ለዘወትር ልብስ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። «አዞ» (azo) ከሚባሉት ሰው ሠራሽ ቀለሞች አንዳንዶቹ «አሚን» (amine) የሚባሉ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ይለቃሉ፤ ጀርመን በ1994፣ ሕንድ በ1997 አግደዋቸዋል፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በኪሎ ጨርቅ 30 ሚሊግራም ገደብ አስቀምጧል። ግን በትንሽ ጓሮ የተነከረውን ማን ይመረምረዋል? ቀለሙ ምን እንደሆነ ሻጩን ጠይቂው፤ ካላወቀ አልፈሽ ሂጂ።

ቋጠሮ፦ እንግዲያው ልበሱ ካላችሁ፣ ቢያንስ ቋጠሮው ያልተፈታውን ግዙ። ሻጩና ገዢው ጨርቁን ጎንና ጎን ይዘው ጠበቅ አድርገው ሲጎትቱት ክሩ ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ይለቃል፣ ነጥቦቹም እዚያው ዓይናችሁ ሥር ይወጣሉ። የታተመው ይህንን አያደርግም።

መርፌ፦ ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊው ይዛችሁት ስትሄዱ፣ እንዳይተኩሰው ንገሩት።